ለጀማሪ ሦስት ወፍራም መጽሐፍ?

«ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባለውን ጨዋታ ተከታታይ ፊልም ላይ አይቶ «እኛም እንሞክረው» የሚል ሰው ወዲያው አንድ ምክር ይሰጠዋል፦ ሦስቱን ዋና መጻሕፍት አንብብ። እያንዳንዳቸው ከ300 ገጽ በላይ ናቸው። በዚህ ምክር ስንቱ ገና ሳይጀምር እንደሚሸሽ መገመት አያዳግትም።

እኔ ምክሩ ይገልበጥ ባይ ነኝ። መጀመሪያ ምን ዓይነት ታሪክ መጫወት እንደምትፈልጉ ወስኑ። ሕጉ ከዚያ ይመረጣል።

ለማያውቀው ባጭሩ እንዲህ ነው። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ የጨዋታው መሪ ይሆንና ቦታውን፣ ጠላቱን፣ የሚመጣውን ጣጣ ሁሉ ይተርካል። ሌሎቹ አንድ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። «በሩን ሰብሬ እገባለሁ» ይላል አንዱ። ይሳካለት አይሳካለት ካጠራጠረ ዳይስ (በየጎኑ ቁጥር ያለበት መጣያ) ይጣላል። ተሸናፊና አሸናፊ ብሎ ነገር የለም።

ነገሩ የተወለደው ከጦርነት ጨዋታ ነው። አሜሪካ ውስጥ ትንንሽ የወታደር ምስሎችን አሰልፈው ውጊያ የሚጫወቱ ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ዴቭ አርነሰን ተጫዋቹ ጦር ማዘዙን ትቶ አንድን ሰው ሆኖ እንዲጫወት አደረገ። ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር ሆነውም በ1974 እ.ኤ.አ. ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስን አወጡ። መጀመሪያ የታተመው 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር።

የዛሬው ሕጉ ዋና ነገር ቀላል ነው። ባለ 20 ጎን ዳይስ ትጥላላችሁ፣ የችሎታችሁን ቁጥር ትደምራላችሁ። መሪው ካስቀመጠው ቁጥር ከደረሰ ተሳካ። እያንዳንዱ ቁጥር የመውጣት ዕድሉ እኩል 5 በመቶ ስለሆነ ጎበዙ ወድቆ ደካማው ሊሳካለት ይችላል። ይህ ያስቃል፣ ያናድዳልም። ወፍራሙ ክፍል ግን ውጊያው፣ አስማቱና ጭራቁ ነው። ጠላት መግደል ልምድ ያስገኛል፣ ልምድ ደግሞ ደረጃ ያሳድጋል። እንግዲህ ተጫዋቹ ሰይፍ መምዘዝ ቢቀናው ይፈረድበታል?

በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ኮል ኦፍ ክቱሉ» የሚባል ሌላ የዚህ ዓይነት ጨዋታ፣ የአስፈሪ ታሪክ ጨዋታ፣ እዩት። እዚህ ሁሉም በመቶኛ ነው። ችሎታችሁ 45 ከሆነ 45 ወይም ከዚያ በታች ማምጣት አለባችሁ። ለመረዳት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ብልሃቱ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። የአእምሮ ጤና ነጥብ አለ፤ አስፈሪ ነገር ባያችሁ ቁጥር ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ያው ተጫዋች በር ከመስበሩ በፊት ጆሮውን ለጥፎ ማዳመጥ ይጀምራል። ፍራ ያለው ሰው የለም።

ለኔ ከሁሉ የሚጥመኝ ቪንሰንትና ሜጌ ቤከር በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጡት «አፖካሊፕስ ወርልድ» በተባለ ጨዋታ የመጣው ዘዴ ነው። ሁለት ተራ ባለ 6 ጎን ዳይስ ጥሎ መደመር ይበቃል። 10 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ተሳካ። ከ7 እስከ 9 ከሆነ ይሳካል፣ ግን ያስከፍላል፤ በሩ ተሰበረ፣ ጩኸቱም ዘበኛውን ቀሰቀሰ። 6 እና ከዚያ በታች ከሆነ ነገሩ እንዳይሆን ይሆናል። ጭማሪ ነጥብ ከሌለ ከ36ቱ አወዳደቆች 15ቱ መሀል ላይ ነው የሚያርፉት። ታሪኩ አይቆምም፤ ሁሌ አንድ አዲስ ጣጣ አለ።

«ጎበዝ መሪ ካለ በየትኛውም ሕግ ይጫወታል» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው። ጀማሪ ግን ጎበዝ መሪ ከየት ያመጣል? መሪውም እንደነሱ ጀማሪ ነው። ሕጉ ካላገዘው ማን ያግዘዋል?

የገንዘብ ጉዳይ ሰበብ አይሆንም። የዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ባለቤት የሆነው ኩባንያ በ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ሌሎች ሕጉን ተጠቅመው እንዲያሳትሙ የሚፈቅደውን ደንብ ሊያጠብቅ ሲል ተጫዋቾች ተነሱበት። አፈገፈገና መሠረታዊ ሕጉን «ክሪኤቲቭ ኮመንስ» በተባለው ፈቃድ በነጻ ለቀቀው። ምንጩን የጠቀሰ ማንም ሰው ወደ አማርኛ ሊተረጉመውና ሊሸጠው ይችላል። 400 ገጽ ገደማ ነው፤ ጉልበት ያለው ይሞክረው። ለመጀመሪያው ምሽት ግን ሁለት ዳይስ፣ ከላይ ያሉት ሦስት እርከኖችና አንድ የተዘጋ በር ይበቃሉ።