ፌሪዋን አትክሰሷት

ስንጣላ ሽማግሌ አለን። ሁለት ጓደኛሞች ቢኳረፉ አንድ ጎረቤት ወይ አንድ የነፍስ አባት መሀል ገብቶ «በሉ ይቅር ተባባሉ» ይላል፤ ነገሩ ያልቃል። ሳይጣሉ ለተራራቁት ግን ሽማግሌ የለም። ማንን ከማን ያስታርቃል? ካሳ የሚከፍለውስ ማን ነው? አንዷ ትምህርት ቤት ቀየረች። ወይም ሁለቱም እዚያው ክፍል ቁጭ ብለው አንዷ ቀድማ አደገች። ምሳ ዕቃ ተካፍለው ይበሉ የነበሩ ልጆች ሰላምታ ብቻ ይቀራቸዋል። «ምን ሆናችሁ?» ሲባሉ «ምንም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

ፍቅረኛ ለተለየው ዘፈኑ ሞልቷል፤ ታክሲ ውስጥ ሳትፈልግም ትሰማዋለህ። የልጅነት ጓደኛዋ የራቀቻት የ14 ዓመት ልጅ ግን የምታገኘው «ሌላ ጓደኛ ታገኛለሽ» የምትል ማጽናኛ ብቻ ናት።

ለዚህ ነው ለወጣቶች የሚጻፉትን የፌሪ ልቦለዶች ቁም ነገር አላቸው የምለው። ፌሪ ስል በእንግሊዝና በአየርላንድ ተረት ውስጥ ያሉትን ፍጡራን ማለቴ ነው። አንዳንዶቹ ክንፍ ያላቸው ጥቃቅን ናቸው፤ ሌሎቹ ሰው አክለው ከኮረብታ ሥር ይኖራሉ። የእህቴ ልጅ ስልኳ በነሱ ታሪክ ተሞልቷል። እናቷ «የጋኔን መጽሐፍ» ትላቸዋለች። አባቷ ደግሞ «ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም አልገባቸውም። እነዚህ ታሪኮች ጋኔን አይሰብኩም። ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ አንዱ ሄዶ ሌላው ስለሚቀርበት ቀን።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። አሁን አሁን የሚወጡት ብዙዎቹ ይህንን ቀን ያበላሹታል። ሁለት አብሮ አደጎች አሉ። አንዷ ወደ ፌሪዎቹ አገር ትወሰዳለች፣ ወይም ራሷ ፌሪ ሆና ትገኛለች። ከዚያ ቤተ መንግሥቱ ይመጣል፣ መልከ መልካሙ ልዑል ይመጣል፣ ጦርነቱ ይመጣል። የቀረችው ጓደኛ ትረሳለች። ካልተረሳችም ጠላት ሆና ትመለሳለች፤ ለካ ክፉዋ ንግሥት አስደግማባት ኖሯል! ድግምቱ ሲፈታ ይተቃቀፋሉ፣ እንደ ድሮው ይሆናሉ። ይህ ለልጅ የሚነገር ውሸት ነው። ጓደኝነት የሚላላው በመተት ነው ብላችሁ ያሳመናችኋት ልጅ፣ የራሷ ሲላላ መተተኛ ፍለጋ ትሄዳለች። ወይ ጓደኛዋን ትከሳለች፣ ወይ ራሷን።

ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረውን ፒተር ፓን እዩት። ቴአትሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለንደን ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ባሪ በ1911 ልቦለድ አድርጎ አሳተመው። ብዙዎቻችን የምናውቀው በካርቱን ነው። አረንጓዴ የለበሰ ልጅ፣ የምታበራ ትንሽ ፌሪ፣ በእጁ ፈንታ መንጠቆ ያለው የባሕር ወንበዴ። ካርቱኑ የልቦለዱን የመጨረሻ ምዕራፍ ትቶታል። የሚያመው ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

ፒተር ማደግ የማይፈልግ ልጅ ነው፤ ዌንዲ የምትባል ልጅን ኔቨርላንድ ወደሚባለው ደሴቱ ይዟት በሮ ነበር። ወደ ቤቷ ስትመለስ በየዓመቱ በጸደይ ቤት ጽዳት ሊወስዳት ቃል ይገባላታል። የመጀመሪያውን ዓመት መጣ። እሷ እዚያ ሳሉ ከቅጠል የሠራችውን ቀሚስ ለብሳለች። ፍርሃቷ አንድ ነው፤ ቀሚሱ እንዳጠረባት እንዳያይ። እሱ አላየም። ስለ ራሱ ማውራት ነበረበት። ያለፈውን ጀብዱ አንስታ ልታጫውተው ስትሞክር ያንን አስፈሪ የባሕር ወንበዴ እንኳ ረስቶታል። የባሰው ግን ቲንከር ቤልን መርሳቱ ነው። ያቺ ለእሱ ብላ መርዝ የጠጣች ፌሪ! ፌሪዎች ብዙ ስለሆኑ ሞታ ይሆናል ብሎ አለፈው። በቀጣዩ ዓመት ቀረ። ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ሲመጣ አንድ ዓመት መዝለሉን እንኳ አላወቀም።

በደለኛ የምትሉት ካለ ጥሩልኝ። ፒተር አልዋሸም፤ አልከዳትምም። እሷም ማደጓ ኃጢአት አይደለም። ባሪ ማንንም አይከስም። እንዲያውም እዚያው ምዕራፍ ላይ ስለሌሎቹ ልጆች የጻፈው ይበልጥ ያስደንቀኛል። ከዌንዲ ጋር ከኔቨርላንድ የመጡት፣ መብረር ይችሉ የነበሩት ልጆች ማታ ማታ እግራቸው ካልጋው ጋር ይታሰር ነበር፣ ተኝተው በረው እንዳይሄዱ። ቀን ቀን ከአውቶቡስ የሚወድቁ መስለው ይጫወታሉ። ቀስ በቀስ እግራቸውን መሳብ ተዉ። ከአውቶቡስ ሲለቁም መሬት ያገኛቸው ጀመር። በመጨረሻ ነፋስ የወሰደውን ባርኔጣቸውን እንኳ በረው መያዝ አቃታቸው። አንዱ ዳኛ ሆነ። ሌሎቹ ቦርሳና ጃንጥላ ይዘው ቢሮ ይሄዳሉ። ለልጆቹ የሚነግረው አንድ ተረት እንኳ የማያውቅ ጢማም ሰውዬ አለ፤ እሱ የዌንዲ ወንድም ጆን ነው።

ባሪ ይህንን ከየትም አላመጣውም። ስድስት ዓመቱ ሳለ ታላቅ ወንድሙ በረዶ ላይ በደረሰ አደጋ ሞተ፤ 14 ሊሞላው ትንሽ ቀርቶት ነበር። ስለ እናቱ በጻፈው መጽሐፍ ላይ እሱ ራሱ ሙሉ ሰው ሲሆን ወንድሙ ግን ያው የ13 ዓመት ልጅ እንደሆነ መቅረቱን አንስቷል።

አየርላንዶች ደግሞ ከሱ በፊት ኦሺን የሚባል ተዋጊ አላቸው። አንዲት የፌሪ አገር ልዕልት በነጭ ፈረስ መጥታ እርጅና ወደሌለበት ምድር ትወስደዋለች። ሦስት ዓመት ቆይቶ ጓደኞቹ ናፈቁት። ተመለሰ። ለካ እዚህ ሦስት መቶ ዓመት አልፏል። አብሮ አደጎቹ በስም ብቻ የሚታወሱ ሆነዋል። ከፈረሱ እንዳይወርድ ተነግሮት ነበር። ድንጋይ ማንሳት ያቃታቸውን ሰዎች ልርዳ ብሎ ጎንበስ ሲል የኮርቻው መቀነት ተበጠሰ፣ መሬት ነካ፣ ሽማግሌ ሆነ።

ዲቪ ደርሶት የሄደ ጓደኛ ያለው ሰው ይህንን ታሪክ ማስረዳት አያስፈልገውም። እሱ «ትናንት የሄድኩ ነው የሚመስለኝ» ይላል። የድሮውን ቀልድ እንዳለ ይዞት መጥቷል። የሰፈሩን ኳስ ሜዳ ይፈልጋል፤ ሜዳው ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። የቀሩት ሦስት ጊዜ ሥራ ቀይረዋል፣ ወልደዋል፣ እናት ቀብረዋል። ቡና ተጋብዞ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ወሬው በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ከዚያ ቴሌግራም ላይ የበዓል ካርድ መላላክ ነው። ይህም የማንም ጥፋት አይደለም።

ታዲያ እኛ ለምን አንጽፈውም? ፌሪ የሌላ አገር ነው የሚል ካለ የዛርን አመጣጥ ልንገረው። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት ይላል የቆየው አፈ ታሪክ። ፈጣሪ ልጆችሽን ልይ ሲላት ዐይን እንዳይበላቸው ሰግታ ይሁን ሳስታ፣ ቆንጆ ቆንጆዎቹን ዐሥራ አምስቱን ደበቀች። የተደበቁት ተደብቀው እንዲቀሩ ተፈረደባቸው። ዛሮቹ እነሱ ናቸው። የሚታዩት ዐሥራ አምስቱ ደግሞ እኛ። አይስላንዶች ስለ ስውር ሕዝቦቻቸው የሚያወሩት ከዚህ ጋር ወንድማማች ነው፤ እዚያ ሔዋን የደበቀችው ገላቸውን ያልታጠቡትን ነው። (የኛዋ ቆንጆዎቹን መደበቋ ግን እናቶቻችንን ቁርጥ ነው።)

ይህንን በመጽሐፍ እምነት መመዘን አልፈልግም፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ስለ ዛር ያላቸው አቋም የታወቀ ነው። እንደ ታሪክ ብቻ እዩት። አንድ ማጀት ያደጉ ልጆች ናቸው። አንድ ቀን ግማሾቹ በር ላይ ቆሙ፣ ግማሾቹ ጓዳ ቀሩ። አልተጣሉም። ከዚያ ወዲያ አንዱ ወገን ሌላውን ያያል፣ ሌላው አያይም። ለአንድ ወጣት ደራሲ ከዚህ የተሻለ መነሻ ከየት ይመጣል? ዛር ግን ፊልምና ድራማ ላይ ሲመጣ ሥራው ማስጓራት ብቻ ነው። ጠንቋይ ቤት፣ ጥቁር ዶሮ፣ ጩኸት። እህትነቱን ማን አስታወሰው?

እንዲህ ያለ ልቦለድ የማነብበት ቀን ቢመጣ እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኛል። ሁለት ልጆች፣ አንዷ የምትታይ አንዷ የማትታይ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ያድጋሉ። ትንሿ ሰባት ዓመቷ ላይ ሁለት ስኒ ታቀርባለች፤ የቤቱ ሰው ይስቃል። ዐሥር ዓመቷ ላይ አንዳንዴ ትረሳለች። ዐሥራ ሦስት ላይ አንድ ስኒ ብቻ ታጥባለች። የማትታየዋ አትቆጣም፤ የሰውነት ሕመም አታመጣባትም፤ አትበቀልም። ጠንቋይም አይጠራ። ልዑሉ የግድ ነው ከተባለ በሁለተኛው ክፍል ይግባ።