አይጥ ከሰው ትጠነክራለች
ስለ ጨረርና ስለ እርሳስ (መርዛማው ብረት) በጻፋችሁት ላይ «አይጥ ትንሽ ስለሆነች ጨረር ቶሎ ይገድላታል፣ ሰው ግን ይቋቋማል» የሚለው አንቀጽ የተገለበጠ ነው ባካችሁ። ሕክምና ካላገኙ ሰዎች ግማሹን የሚገድለው ወደ 4 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ነው፣ ለላብራቶሪ አይጥ ግን ይኸው መጠን እስከ 7 ገደማ ይሄዳል። እርሳስ አይጥን ይጎዳል ባላችሁት ግን እስማማለሁ። አራት ኪሎ ተማሪ እያለሁ እርሳስ የተቀላቀለበት ውሃ የሚጠጡትን አይጦች በየጠዋቱ እመዝን ነበር (የክፍሉ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ)፣ ንጹህ ውሃ እንደሚጠጡት ሌሎቹ ክብደት አይጨምሩም። ከላይ በአስተያየትህ እርሳስ «በሽንት ታጥቦ ያልቃል» ላልከው ወንድሜ፣ የተወሰነው ይወጣል እንጂ ሌላው ካልሲየም መስሎ አጥንት ውስጥ ገብቶ ዓመታት ይቀመጣል። ተክለሃይማኖት አካባቢ እርሳስ ያለበትን አሮጌ የመኪና ባትሪ በባዶ እጃቸው ፈትተው፣ ሳይታጠቡ ዳቦ የሚቆርሱ ልጆች ሳይ ትዝ የሚሉኝ እነዚያ አይጦች ናቸው።