ንጉሥ የከተመበት ቦታ

የእህቴ ልጅ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ያጠናል። በደወልኩ ቁጥር የሚያነሳው ጉዳይ አንድ ነው፤ እኔ በምኖርበት በሲያትል አካባቢ ካሉት ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች አንዱ መጥቶ አዘዞ ወይም ማራኪ አካባቢ ቢሮ ቢከፍት፣ ከተማችን በአምስት ዓመት ውስጥ ሌላ መልክ ይኖራት ነበር ይለኛል። ሌላ መልክ እንደሚኖራት አልጠራጠርም። የሚያሳስበኝ እሱና እናቱ ያን መልክ ከውስጥ ሆነው ያዩታል ወይስ ከዳር ቆመው የሚለው ነው።

ሲያትል እንደገባሁ ያገኘሁት ሥራ ሳውዝ ሌክ ዩኒየን በሚባለው ሰፈር የመኪና ማቆሚያ ጥበቃ ነበር። አንድ ወንበር ብቻ በምትይዝ የመስታወት ዳስ ውስጥ ተቀምጬ ትኬት እቆርጣለሁ፤ ፊት ለፊቴ ያለው መጋዘንና ጋራዥ ነው፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ የሚያልፍ ሰው የለም። የቦታውን ታሪክ የሰማሁት ቆይቼ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሰፈሩን ትልቅ መናፈሻ የማድረግ ሐሳብ ቀርቦ፣ ከማይክሮሶፍት መሥራቾች አንዱ የነበረው ፖል አለን ለመሬቱ መግዣ ገንዘብ አበድሮ ነበር፤ ነዋሪው ግን እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ1996 ሁለት ጊዜ ድምፅ ሰጥቶ ዕቅዱን ጣለው፤ መሬቱም በአለን እጅ ቀረ። የእርሱ ኩባንያ በዚያው ላይ ቢሮዎች ሠራ፤ ትልቁ የኢንተርኔት ንግድ ኩባንያ አማዞን በ2010 ተከራይቶ መግባት ጀመረ፤ በ2012 ደግሞ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ሕንጻዎቹን ገዛቸው። ለመናፈሻ ግብር አንከፍልም ያለው ከተሜ ለቢሮው በቤት ኪራይ ከፈለ ብዬ ብቻዬን የሳቅሁበት ጊዜ አለ። የእኔ ዳስ ከነሜዳዋ ዛሬ በአንድ ረጅም ሕንጻ ሥር ናት።

ለነገሩ ዳሷን ስለወሰዱብኝ ብቻ አልወቅሳቸውም። ገንዘቡ እውነተኛ ገንዘብ ነበር፤ የእኛ ሰው በታክሲ፣ በምግብ ቤትና በሆቴል ሥራ ከዚያ ተጠቅሟል፤ እዚያው ያደጉ ልጆቻችንም በመሐንዲስነት የተቀጠሩ አሉ። ነገር ግን ደመወዙ የቤቱን ዋጋ ይዞት ሲወጣ፣ በቼሪና በጃክሰን ጎዳናዎች ዙሪያ ተሰባስቦ ይኖር የነበረው ሐበሻ ወደ ደቡብ፣ ከሲያትል ውጭ ወዳሉት ወደ ተክዊላና ወደ ኬንት እየገፋ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2018 የከተማው ምክር ቤት ቤት ለሌላቸው መጠለያ እንዲሆን ትልልቆቹ ኩባንያዎች በአንድ ሠራተኛ በዓመት 275 ዶላር እንዲከፍሉ በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ ኩባንያዎቹ ሲያጉረመርሙ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ያው ምክር ቤት ሕጉን ሻረው። በ2020 ደግሞ ወረርሽኙ መጣና ሠራተኛው ቤቱ ሆኖ መሥራት ሲጀምር፣ በምሳ ሰዓት ብቻ ይኖሩ የነበሩ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ባዶ ወንበራቸውን ይዘው ቀሩ።

ይህን ስመለከት ወደ ልቤ የሚመጣው ሌላ ከተማ ሳይሆን ራሷ ጎንደር ናት። ከተማ የምንለው ቃል «ከተመ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ንጉሡ ድንኳኑን ተክሎ የሰፈረበት ቦታ ማለት ነው። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ቋሚ መቀመጫ ሲያደርጓት ካህኑም፣ አንጥረኛውም፣ ነጋዴውም ቤተ መንግሥቱን ተከትሎ ሰፈረ፤ እጨጌ ቤት፣ አቡን ቤት የሚባሉት ሰፈሮች ስማቸውን ያገኙት እዚያ ከተቀመጡት የቤተ ክርስቲያን አለቆች ነው፤ ሙስሊሙ ደግሞ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ተለይቶ ወደ አዲስ ዓለም እንዲወርድ ተደረገ። ማን የት እንደሚያድር የወሰነው ግቢው ነበር። በኋላ አፄ ቴዎድሮስ መናገሻውን ወደ ደብረ ታቦርና ወደ መቅደላ ሲያዞሩ፣ ከዚያም በ1866 ከተማዋን ሲያስዘርፉና ሲያቃጥሉ፣ በአንድ ጌታ ዙሪያ የተሠራ ኑሮ ምን ያህል ቶሎ እንደሚፈርስ አያቶቻችን አይተዋል።

ለእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው «ጋሼ፣ እኛ እኮ ኢንተርኔት ጠፍቶብን የከረምን ሰዎች ነን» አለኝ። እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ከውጭ በኢንተርኔት ሥራ እየተቀበለ ይሠራ የነበረ ጓደኛው ሻንጣውን ይዞ አዲስ አበባ ገብቷል። ቢሮ ሳይመጣ፣ ኩባንያም ሳይፈልገን፣ ልጆቹ ባሉበት ሆነው እንዲሠሩ የሚያስችለው መስመር ከሁሉ መቅደም ነበረበት ባይ ነኝ።

ባለፈው ለጥምቀት ስሄድ ጎረቤታችን እትዬ ጓሯቸው ውስጥ ጌሾ የነበረበትን ቦታ አስቆፍረው ሦስት ክፍል በብሎኬት አስጀምረዋል። የዩኒቨርሲቲ መምህር ይከራየዋል ብሎ ደላላው ቃል ገብቶላቸዋል። ውሃ በተራ ስለሚመጣ በርሜሎቹ ከግድግዳው ቀድመው ተደርድረዋል። «ለመሆኑ እናንተ አገር አንድ ክፍል ስንት ነው?» አሉኝ። ወደ 2000 ዶላር እንደሚደርስ ነገርኳቸው። ጣታቸውን እያጠፉ ወደ ብር ሲቀይሩት ቆዩና ተዉት።

«እና አንተ የት ነው የምታድረው?»

«ኬንት።»

«ቤተ ክርስቲያኑስ ቅርብ ነው?»

«ሁለት አውቶቡስ ነው» አልኳቸው።