ልጆቻችን በቀን ስንት ፀሐይ ያገኛሉ? እንለካው

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ልጅና ስለ ፀሐይ ምክር የሌለው ሰው የለም። አንዷ "ጠዋት ጠዋት አሙቂው፣ አጥንቱ ይጠነክራል" ትላለች። ሌላዋ "ኧረ ፀሐይ እንዳይመታው፣ አስገቢው!" ትላለች። ሁለቱም ለልጁ አስበው ነው። ግን ልጁ ጠዋት ወጥቶ ማታ እስኪገባ ቆዳው ላይ ስንት ጨረር እንዳረፈ ማን ለካ? እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

የስልካችሁን የአየር ሁኔታ አፕ ክፈቱና ዩቪ ኢንዴክስ የሚለውን፣ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት (ዩቪ) ጨረር ምን ያህል እንደበረታ የሚናገረውን ቁጥር እዩት። የዓለም ጤና ድርጅት 11ንና ከዚያ በላይ ያለውን የመጨረሻው የአደጋ ደረጃ ላይ ያስቀምጠዋል። አዲስ አበባ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን፣ እኩለ ቀን አካባቢ፣ ይህን በቀላሉ ታልፋለች። ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፣ ከፍታዋም ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ ጨረሩ በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ነፋሱ ስለሚቀዘቅዝ ግን ልብ አንለውም። አልትራቫዮሌት ጨረር እንደ ሙቀት አይሰማማ።

ያ ቁጥር ግን የሚነግረን ስለ ሰማዩ ነው። ከዚያ ሰማይ ሥር ያሉት ልጆች ውሎ ለየቅል ነው። መኖሪያ ቤት ተከራይቶ በተከፈተ መዋዕለ ሕፃናት የሚውል ልጅ መሮጫ ግቢ እንኳ የለውም። ከእናቱ ጋር ጉልት የሚውለው ሌላው ልጅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጃንጥላ ሥር ነው፤ ጃንጥላው ግን ከሰማዩ ተበትኖ በጎን የሚመጣውን ጨረር አያስቀርለትም። አልቢኒዝም ያለባት ተማሪ ሰልፍና ስፖርት ሜዳ ላይ ስትቆም የምታገኘው ጨረር የጓደኞቿን ያህል ነው፣ የሚከላከልላት ሜላኒን፣ ማለትም ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ነገር፣ ግን የላትም። ለእሷ መለካቱ ነገ ዛሬ የሚባል ጉዳይ አይደለም።

"አገሩ ሁሉ ፀሐይ፣ ምን ያንሰናል" የሚል ካለ ደግሞ አዳማን ይመልከት። በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት 42 ከመቶ የሚሆኑት ቆዳ በፀሐይ የሚሠራው፣ አጥንት የሚያጠነክረው ቫይታሚን ዲ እጥረት እንዳለባቸው አሳይቷል። የከተማዎቹ ልጆች ከገጠሮቹ በጣም ብሰው ነው የተገኙት። በዚያ ሁሉ ፀሐይ!

የማለዳ ማሞቁም ቢሆን ቢጠና ደስ ይለኛል። ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ የሚያደርገው ዩቪቢ የሚባለው የጨረሩ ክፍል ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ገና ዝቅ ብላ ስለሆነ ጨረሩ ረጅም አየር ያቋርጣል፣ አብዛኛው ዩቪቢ ከላይ አየሩ ውስጥ ያለው የኦዞን ጋዝ ላይ ይቀራል። ሕፃኑ የሚሞቀው በተዘጋ መስኮት ከሆነማ መስታወቱ የቀረውንም ያስቀረዋል። ጥቁር ቆዳ ደግሞ ቫይታሚኑን ለመሥራት ከነጭ ቆዳ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ "ይህን ያህል ደቂቃ ሙቁ" የሚለውን የነጮች ምክር ገልብጠን ለልጆቻችን መስጠት አያዋጣም።

መለኪያው ብርቅ አይደለም። ፖሊሰልፎን የሚባል ከፀጉር የቀጠነ ፕላስቲክ አለ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለዚሁ ሥራ ይውላል። ትንሽ ፍሬም ውስጥ ተወጥሮ ልብስ ላይ ይለጠፋል። ጨረር ባረፈበት ቁጥር ብርሃን የማሳለፍ ጠባዩ ይለወጣል፣ ለውጡም ላቦራቶሪ ውስጥ ስፔክትሮፎቶሜትር በሚባል የብርሃን መለኪያ ይነበባል። እንግሊዝና አውስትራሊያ ልጆች ላይ ሞክረውታል። በኒውዚላንድም ተማሪዎች ኤሌክትሮኒክ መለኪያ አድርገው ውለዋል። እኛ ጋ ፕላስቲኩን እዚሁ አንድ ቦታ ላይ ከተተከለ የጨረር መለኪያ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ፀሐያችን ስለምትከር ፕላስቲኩ ቶሎ ሞልቶ ተጨማሪ ጨረር መመዝገብ ሊያቅተው ስለሚችልም እኩለ ቀን ላይ መቀየር ሊኖርበት ይችላል።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከትምህርት ቢሮ ጋር ተነጋግረው በጥቂት ትምህርት ቤቶች ይጀምሩት። በበጋም በክረምትም ይለካ፣ ልጁ የት እንደዋለ በየሰዓቱ ይመዝገብ። ትምህርት ቤት የማይሄዱት፣ ጉልት የሚውሉትም አይረሱ። ውጤቱ ደግሞ መጽሔት ላይ ታትሞ አይቅር፤ በወላጆች ስብሰባ ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ይነገረን፣ የምሳ እረፍቱ ሰዓት ይቀየር ወይስ ግቢው ውስጥ ዛፍ ይተከል የሚለውን ቁጥሩን ይዘን እንነጋገርበት።