እርማት፦ የጋዝ ታንኩን መፍታት ብቻውን አይበቃም

ወንድሜ፣ «ጋዝ የተገጠመለት ያገለገለ መኪና ከገዛህ ታንኩን ፈትተህ ጣል፣ በቤንዚን ይሄዳል» ያልከው ልክ አይደለም። ታንኩ እኮ ቀላሉ ነው! ፈሳሹን ጋዝ (ኤልፒጂ) አሙቆ የሚያተነው ሪዲውሰር የሚባለው ዕቃ የሚሞቀው በራዲያተር ውሃ ነው፤ ሲነሳ የውሃው መስመር እንደ ቀድሞው ካልተገናኘ ያፈሳል። በድሬዳዋ ሙቀት ውሃ የሚያንጠባጥብ ቱቦ ይዞ የደንገጎን ዳገት መውጣት ደግሞ ሞተር ማቃጠል ነው። ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱቦ) ላይ ለጋዙ የተበሳው ቀዳዳም ካልተደፈነ አየር ይስባል፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳትረግጥ ሞተሩ የሚሽከረከርበት ዝቅተኛ ዙር) ይረበሻል። ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ የሚረጩት ኢንጄክተሮች ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ተቆርጦ በጋዙ ኮምፒውተር በኩል ስለሚያልፍ እሱም ይመለስ (ይህን ለመኪና ኤሌክትሪሺያን ስጠው)።

«ጌጁ ባዶ ይላል» ብለህም ታንኩን ብየዳ አጠገብ እንዳትፈታው። ትርፍራፊው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ጋራዡ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል እንጂ ሽቅብ በኖ አይጠፋም።