ይድረስ ለአቶ ጨምሮ መጣ

ጉዳዩ፦ ባለፈው እሁድ ሳይጠሩ ቤቴ ስለመግባትዎ

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ቤተሰቡም ደህና ነው። ቴሌቪዥኑ ብቻ እሁድ ከቀኑ 11 ሰዓት ከሩብ ላይ አርፏል፤ ፍሪጁም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ድምፁን አላሰማም።

ስምዎን አሳስቼ ጽፌ ከሆነ ይቅርታ። ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ውስጥ በሚገባው ኮረኮንች ግራና ቀኝ የምንኖር ሁሉ «መብራት ጨምሮ መጣ» ስለምንል፣ ጨምሮ ስምዎ፣ መጣ የአባትዎ ስም ነው ብዬ ይዣለሁ። ባለቤቴ የምትጠራዎት በሌላ ስም ነው፤ ደብዳቤ ላይ አይሰፍርም።

በመካከላችን የቆየ ቂም የለም አልልም። በ2014 ዓ.ም. የወሰዱብኝን የውኃ ፓምፕ አልረሳሁትም። ስታቢላይዘሩንም እንደዚያው፤ ከእርስዎ እንዲጠብቀን ገዝተነው ከሁሉ ቀድሞ የሞተው እሱ ነበር። የስልክ ቻርጀሮቹን መቁጠር ትቻለሁ። እነዚህ ሁሉ ይለፉ። የእሁዱ ግን አይታለፍም።

እሁድ ዕለት ልጄን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጥተው ነበር።

ቤታችን እርስዎን የሚጠብቅበት ደንብ እንዳለው ሳያውቁ አይቀሩም። መብራት ሲሄድ ማንም ሻማ አይፈልግም፤ መጀመሪያ ሶኬት ይነቀላል። የትንሹ ልጄ ምድብ ቴሌቪዥኑ ነው። የእኔ ፓምፑ ነበር፤ ከ2014 ወዲህ ጡረታ ወጥቻለሁ። የፍሪጁ ኃላፊ ታላቋ ልጄ ናት። መብራቱ ሲመለስም ዘለን አንሰካም፤ የበረንዳው አምፖል ሳይርገበገብ አንድ አባታችን ሆይ የሚያህል ጊዜ እንዲቆይ እንጠብቃለን። በዚያ ቀን ግን የፍሪጁ ኃላፊ ራሷ የጉዳዩ ባለቤት ሆና ጓዳ ገብታለች፤ ሽማግሌ ፊት ብቅ ማለት አይገባትም። ትንሹ ልጅም ሳሎን ውስጥ እንዳይሯሯጥ በአባቱ ትእዛዝ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ትእዛዙን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ዛሬም ይቆጨኛል።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። አንዱ የንስሐ አባት፣ አንዱ የልጁ አጎት፣ ሦስተኛው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ዝም ያሉ ጥቁር ሰውዬ። ውጭ ዶፍ ይዘንባል፤ በየረር በኩል ነጎድጓዱ ይንከባለላል። ገና እንደተቀመጡ መብራት ሄደ። «ይመጣል» አልኩ፣ በእጄ ያለ ይመስል። አጎትየው ተነሡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ በደብዛዛው ብርሃን «እንግዲህ የመጣንበት ጉዳይ፣ ልጃችሁን ለልጃችን» ብለው አንዲት ቃል ሲቀራቸው፣ እርስዎ ገቡ።

ሳሎኑ ፎቶ ቤት መሰለ። የበረንዳው የድሮ አምፖል እንደ ብየዳ ነጣ። ቴሌቪዥኑ በጥፊ እንደተመታ ሰው አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም አለ፤ ከጀርባው የወጣው ጭስ ባለቤቴ ካጨሰችው ዕጣን ጋር ተቀላቅሎ ወደ ጣሪያው ወጣ። የንስሐ አባት «በስመ አብ!» ብለው ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ የፈንድሻው ሰፌድ ላይ ተቀመጡ። አጎትየው አፋቸውን እንደከፈቱ፣ «ለልጃችን» እዚያው ተንጠልጥላ ቀረች። እኔ የልጅ አባት፣ በዚያ ቀን ኮስተር ብዬ «ዘመድ ሳላማክር መልስ አልሰጥም» ማለት የሚጠበቅብኝ ሰው፣ በካልሲ እየሮጥኩ ዋናውን ብሬከር ለማጥፋት ወንበር ላይ ወጣሁ።

ውርደቴ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደብዳቤ ባልጻፍኩም። ባለ ባርኔጣው ሽማግሌ ተነሡ። ለካ ሰውዬው ዕድሜያቸውን ሙሉ ምሰሶ ላይ ሲወጡ የኖሩ ጡረታ የወጡ መስመር ሠራተኛ ናቸው። ሽማግሌ ሰባት ትውልድ ይቆጥራል፤ የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ እያለ። እሳቸው የጠየቁት ሌላ ነው።

«ለመሆኑ ቤቱ ኧርዝ አለው?»

የሰባት ትውልዱን አጥንቻለሁ። ይህንን፣ ትርፉ ኃይል ወደ መሬት የሚወርድበትን መስመር፣ አላጠናሁም። ግራ ሲገባኝ «መከላከያማ አለን» ብዬ ቴሌቪዥኑ የተሰካበትን ማከፋፈያ በኩራት አነሣሁላቸው። ላዩ ላይ የመብረቅ ሥዕል አለው፤ ሻጩ «ይኼ ካለዎት ይተኙ» ብሎኛል። ሽማግሌው ከኪሳቸው ሴንጢ አወጡ፤ አራቱን ብሎን ፈቱ፤ ክዳኑን አንሥተው ለሁሉም አሳዩ። ውስጡ የመዳብ ቁራጮችና አንዲት ቀይ የጠቋሚ መብራት ብቻ። «እውነተኛው ቢሆን እዚህ ላይ ሳንቲም የሚያህል ዝርግ ነገር ይኖር ነበር» አሉ በጥፍራቸው ባዶውን ቦታ እየነኩ፤ «ከዚንክ ኦክሳይድ የሚሠራ። በሰላሙ ጊዜ ዝም ይላል፤ ቮልቱ በድንገት ሲዘል በሩን ከፍቶ ትርፉን ወደ ሌላ ይመልሰዋል። እርስዎን ሲጠብቅዎት የኖረው ይቺ ቀይ መብራት ናት።» የወደፊት አማቾቼ ቀይዋን መብራት በየተራ ተመለከቷት።

ከጎረቤት መልቲሜትር ተበድረው ሲለኩ ከቆጣሪው በኩል የመጣው 338 ቮልት ነበር። ሊሰጠን የሚገባው 220 ነው። ሽማግሌው ምሰሶውን ቀና ብለው አይተው «ኒውትራሉ ተበጥሷል» አሉ። ነገሩን የነገሩኝ እንዲህ ነው፦ ከትራንስፎርመሩ የሚወርዱት ኃይል የሚያመጡ ሦስት ሽቦዎች፣ ፌዝ የሚባሉት፣ እና አንድ መመለሻ ሽቦ፣ ኒውትራሉ፣ ናቸው። በፌዝና በኒውትራል መካከል 220፣ በፌዝና በፌዝ መካከል ግን 380 ቮልት አለ። ኒውትራሉ ሲበጠስ በተለያየ ፌዝ ላይ ያሉ ጎረቤታሞች ሳይወዱ በግድ አንድ ገመድ ላይ ተሰልፈው ያንን 380 ይካፈላሉ። ክፍፍሉ ደግሞ እኩል አይደለም። ብዙ ዕቃ ያበራው ቤት ጥቂት ቮልት ይደርሰዋል፤ ጥቂት ያበራው ቤት ብዙውን ይጠጣል።

ይህንን ፍርድ ልብ ይበሉ፣ አቶ ጨምሮ። ማዶ ያሉት ወይዘሮ ሌማታቸውን ለመሙላት ምጣዳቸውን ጥደው ነበር፤ የደረሰባቸው እንጀራቸው ሊጥ ሆኖ መቅረቱ ብቻ ነው። እኔ በቁጠባ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ፍሪጅ ብቻ ሰክቼ የተቀመጥኩት ተቃጠልኩ። «ኤሌክትሪክ ቆጥቡ» የሚለውን ማስታወቂያ ከቆጣሪው በላይ የለጠፍኩት እኔ ነበርኩ። ነቅዬዋለሁ።

ለእውነተኛው መከላከያ ገንዘብ ባወጣም ኖሮ አያድነኝም ነበር፤ ይህንንም ያስረዱኝ በሸንጎ ፊት ነው። «አሬስተር የሚባለው ይኸው መከላከያ ለጥፊ ነው» አሉ ሽማግሌው። «መብረቅ የሚመታው በሰከንድ ሚሊዮንኛ በሚቆጠር ጊዜ ነው፤ ያንን ይመልሳል። ደረትዎ ላይ መጥቶ ለሚቀመጥ ግን አቅም የለውም፤ አብሮ ይነድዳል። ለእንዲህ ዓይነቱ እንግዳ የሚበጀው ማለያያ ነው፤ ቮልቱ ከልክ ሲያልፍ ወይም ከልክ ሲወርድ ቤቱን ራሱ ቆርጦ የሚያወጣ፣ ሲስተካከልም ደቂቃዎች ታግሦ የሚመልስ።» የልጁ አጎት ማስታወሻ ያዙ። የልጄን ስም እንኳ ገና አልጻፉም ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ ሸኘኋቸው። ሽማግሌው ግን ትራንስፎርመሩ ሥር ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ለቀብር እንደሚደረገው። በከዘራቸው ወደ ላይ ጠቆሙኝ። በ15 ሺህ ቮልቱ መስመር በኩል ሦስት አሬስተሮች ተደርድረዋል፤ የአንደኛው ሽቦ ከሥሩ ተላቆ በአየር ላይ ይወዛወዛል። የሰፈሩ ልጆች «ጅራት» ይሉታል፤ እኔም የተረሳ ገመድ ይመስለኝ ነበር። ለካ መልእክት ነው። አሬስተሩ መብረቅ ሲበዛበት ሲሞት፣ ሥሩ ያለው ማላቀቂያ ሽቦውን አፈንግጦ ይጥለዋል፤ ይህም መስመሩ ወደ መሬት ተጣብቆ እንዳይቀርና ከታች የሚያልፍ ሠራተኛ ቀና ብሎ «ይኼኛው ሞቷል፣ ቀይሩት» እንዲል ነው። ያ ጅራት ከሚያዝያ ጀምሮ ይወዛወዛል። ከጎኑ ካሉት ፊውዞች አንዱም በወፍራም ሽቦ ታስሯል፤ እንዳይቃጠል ማለት ነው፤ የፊውዝ ሥራ ደግሞ መቃጠል ነው። ሽማግሌው ይህንን ሲያዩ ምንም አላሉም። ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ።

ሰኞ ቴሌቪዥኑን በነጠላ ጠቅልዬ በሚኒባስ፣ ለእሱም የአንድ ሰው ሒሳብ ከፍዬ፣ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ሰልፉን እርስዎም አንባቢዎቼም ስለምታውቁት አላደክማችሁም። መስኮት 3 ወደ መስኮት 5 ላከኝ፤ መስኮት 5 ምሳ ወጥቷል። ከምሳ መልስ የተሰጠኝ ቅጽ «የጉዳቱ መንስኤ» ይልና አራት ሳጥኖች አሉት፦ ዝናብ፣ ነፋስ፣ ዛፍ፣ ደንበኛ። እርስዎ የሉበትም። ልጅቷ ብዕሯን ይዛ ጥቂት አሰበችና «ደንበኛ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ቴሌቪዥኑን ለመግዛት በዕቁብ ስንት ወር እንደከፈልኩ ስነግራት ደረሰኝ ጠየቀችኝ። ቀጥላም ኃይሉ ጨምሮ መምጣቱን የሚያሳይ ማስረጃ። «ያን ጊዜ ፎቶ አላነሡም?» ማክሰኞ ባለሙያዎች መጡ፤ ኒውትራሉን አሰሩ፤ ካሰሩ በኋላ ለኩ፤ 221 ቮልት አገኙ፤ «በቦታው ተገኝተን ምንም ችግር እንደሌለ አረጋግጠናል» ብለው ፈርመው ሄዱ። ጅራቱን ቀና ብለው አይተውታል። አንደኛው ጣቱን እንኳ ቀስሮበት ነበር።

እስከዚህ ድረስ እሥቅ ነበር። ከእኛ ሦስተኛው ግቢ ውስጥ የ11 ዓመት ልጅ አለ፤ በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። የእናቱ ትንሽ ፍሪጅ የተቃጠለችው በዚያው እሁድ ነው። ማታ ስገባ ብልቃጦቹን በፌስታል ጠቅልላ፣ እርጥብ አሸዋ በሞላው የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ቀብራ፣ በየሰዓቱ እየተነሣች ውኃ ታርከፈክፍበታለች። እጆቿ በአሸዋው ተልጠዋል። አንተ ምን አደረገህ ይህ ልጅ? ምን በደለህ? አንተስ ቢያንስ ጆሮ የለህም። ጆሮ ላለው ጽሕፈት ቤት ኒውትራሉ መላላቱን በሚያዝያ አመልክተናል፤ በግንቦት አመልክተናል፤ በሰኔ አምስት ሆነን ሄደን «ዕቃ የለም» ተብለን ተመልሰናል። ዕቃ የተባለው መዳፍ የማይሞላ ማያያዣ ክላምፕ ነው። ማክሰኞ ዕለት ከመኪናው ኪስ አውጥተው በ20 ደቂቃ አሰሩት። ስለዚህ ነበረ። ያን ሁሉ ጊዜ መኪናው ኪስ ውስጥ ነበረ።

ይቅርታ፣ ወደ አንቱታ ልመለስ።

ኃይል አንሶን አይደለም፤ ለሕዳሴው ግድብ ቦንድ ገዝቻለሁ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅም እልል ብያለሁ። 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ነው። ያ ኃይል በ500 ሺህ ቮልት መስመር ተራራ ለተራራ ሲሻገር ጨዋ ሆኖ ነው የሚመጣው። ጠባዩ የሚበላሸው የእኛ ምሰሶ ላይ ሲደርስ ነው።

ለማንኛውም ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ቀጠሮ ይዘዋል። እንዲህ ዓይነት ነገር በወጉ የእኔ ድርሻ ነበር፤ «ዘመድ አማክሬ እመልሳለሁ» ብዬ የምንቀባረረው እኔ ነበርኩ። ቀኑን የቆረጡት ግን ባለ ባርኔጣው ሽማግሌ ናቸው፤ ሰዓቱንም፦ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በፀሐይ ብርሃን። አጎትየው በሩ ላይ ዞር ብለው «ልጅቷን ወደናታል፤ ስለ ቤቱ ግን እንነጋገራለን» አሉ። እንዲህ ያለ ነገር የሚባለው በደም ጉዳይ ነበር።

እስከዚያ ድረስ የኧርዙን የመዳብ ዘንግ ግቢ ውስጥ ቀብሬያለሁ፤ ሽማግሌው እንዳዘዙኝ ምድሩ እንዳይደርቅ ማታ ማታ ውኃ አጠጣዋለሁ፤ ጎረቤቶች ምን ዘርተህ ነው ይሉኛል። ማለያያውም ተገዝቶ ከብሬከሩ ጎን ተተክሏል። በቀጠሮው ቀን ልጄ ጓዳ አትደበቅም። በሐበሻ ቀሚሷ ከብሬከሩ ሥር ትቆማለች፤ ወግ ይለፍ። እርስዎ ከመጡ በር ላይ የሚቀበልዎት እሷ ናት።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለመስኮት 5፣ ከምሳ ሲመለሱ
ለባለ ጅራቱ አሬስተር፣ ባለበት