ካልሲም ይውለቅ

«የቆዳ ካንሰር የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ቦብ ማርሌን አነሳበታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1977 እግር ጣቱ ጥፍር ሥር የወጣው ነገር መጀመሪያ የኳስ ጉዳት ነው ተብሎ ነበር። ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። በ1981፣ ገና በ36 ዓመቱ፣ ሞተ።

ይህን ያመጣሁት የቆዳ ሊምፎማ ስላለባቸው ሰዎች ላወራ ስለፈለግኩ ነው። ሊምፎማው ራሱ ካንሰር ነው፤ የሚነሳው ግን ቆዳ ውስጥ ከሰፈሩ ነጭ የደም ሴሎች ነው። ዋናው ዓይነት ማይኮሲስ ፈንጎይደስ ይባላል። ስሙ ነው እንጂ ከፈንገስ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ጥቁር ቆዳ ላይ አንዳንዴ ነጣ ብሎ ስለሚወጣ ቋቁቻ ነው፣ ለምጽ ነው እየተባለ ስንት ዓመት ቅባት ይቀባበታል።

በጊዜ ከተደረሰበት አብዛኛው ታማሚ ረጅም ዕድሜ ይኖራል። ጣጣውም እዚያው ላይ ነው፤ ሰው በቆየ ቁጥር ሌላ የቆዳ ካንሰርም ብቅ ለማለት ጊዜ ያገኛል። ሕክምናውም እጁ አለበት። ፑቫ የሚባለው፣ ሶራለን የተባለ መድኃኒት ተወስዶ አልትራቫዮሌት ጨረር የሚሞቅበት ዘዴ፣ ሊምፎማውን ያበርዳል ግን የጤነኛውን ቆዳ ዘረመልም ይጎዳል። አሜሪካ ውስጥ በ1970ዎቹ አጋማሽ ፑቫ የወሰዱ 1,380 የሶርያሲስ (ካንሰር ያልሆነ የቆዳ በሽታ ነው) ታማሚዎች ለብዙ ዓመታት ክትትል ሲደረግላቸው ስኳመስ የሚባለው የቆዳ ካንሰር በጣም በዝቶ ታየ፤ ሜላኖማው ደግሞ የጨመረው ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ ነው፣ በተለይ 250 ጊዜና ከዚያ በላይ በሞቁት ላይ። አብዛኞቹ ነጮች ነበሩ፣ ለጥቁር ቆዳ አደጋው ያነሰ ነው፣ አልክድም።

ስለዚህ ጨረሩ ይቅር እያልኩ አይደለም። ሕክምና ፈርቶ መጥፋት የባሰ ነው።

እኔን የሚያበሽቀኝ ሌላ ነው። ታማሚው ስንት ጊዜ እንደሞቀ አያውቅም፤ ሐኪም ሲቀየር፣ አገር ሲቀየር ቁጥሩ አብሮ ይጠፋል። ስልኩ ላይ ቢመዘግበው ምን ነበረበት? ሐኪሙም ዓይኑ የሚሄደው ወደለመደው ሽፍታ ነው። አዲስ ቁስል ወጥቶ አልድን ሲል «ያው ሊምፎማው ነው» ይባልና ናሙና ሳይወሰድ ወራት ያልፋሉ። ጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ የሚያዘወትረው ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ሥር ነው፤ ስኳመሱ ደግሞ የድሮ ጠባሳና የቃጠሎ ቦታ ይወዳል። ማንም የማያየው ቦታ ማለት ነው። እኛም ብንሆን ሐኪም ፊት ጫማ ማውለቅ እናፍራለን፣ «እግሬ ይሸታል» ብለን። ይሽተት! ሐኪሙ የባሰ አሽትቶ ያውቃል። እሱ ካልጠየቀ ራሳችን ካልሲውን አውልቀን «እዚህም ይዩልኝ» እንበል።